ለፋይብሮይድ ቀዶ ጥገና ወይስ ያለ ቀዶ ጥገና? መጀመሪያ እጢው የተቀመጠበት ቦታ ይታወቅ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ 38 ዓመታቸው ነው፤ አንድ ልጅ አላቸው፣ ሁለተኛ መውለድ ይፈልጋሉ። የወር አበባቸው 9 ቀን ይቆያል፣ የረጋ ደም ይወርዳቸዋል፣ ሄሞግሎቢናቸው (የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) 8.4 ነው፤ ዝቅተኛ ነው። አልትራሳውንድ ሦስት ፋይብሮይድ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ጡንቻ እጢ) አሳይቷል፦ አንዱ በማህፀን ግድግዳ ውስጥ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው በውጭ በኩል 5 ሴንቲ ሜትር፣ ሦስተኛው ወደ ውስጥ የገባ 2.5 ሴንቲ ሜትር። አንድ ሐኪም ማህፀኑ ይውጣ ብለዋቸዋል፤ ሌላው እጢዎቹ ብቻ በኦፕራሲዮን ይውጡ አሉ፤ ሳይቀደዱ በደም ሥር በኩል እጢውን ማድረቅ እንደሚቻልም ሰምተዋል። «የትኛው ይሻለኛል?» ይላሉ።

ከሦስቱ ምክሮች በራሱ ስህተት የሆነ የለም። ችግሩ ሁሉም ዓይኑን 8 ሴንቲ ሜትሩ ላይ መጣሉ ነው። ደሙን የሚያበዛብዎት ግን ትንሹ፣ 2.5 ሴንቲ ሜትሩ ሊሆን ይችላል። ፋይብሮይድ ደም የሚያበዛው በዋናነት በትልቅነቱ አይደለም፤ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ሲገፋና ሲያዛባ ነው። ወደ ውስጠኛው ክፍተት ያበጠ 2 ሴንቲ ሜትር እጢ ሴትን ለደም ማነስ ይዳርጋል፤ በውጭ በኩል የበቀለ 10 ሴንቲ ሜትር እጢ ደግሞ የወር አበባን ጨርሶ ላይነካ ይችላል። የዚያኛው ጣጣ ሌላ ነው፦ ፊኛን ተጭኖ ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ የወገብ ሕመም፣ የሆድ መግፋት።

ስለዚህ ስለ ሕክምናው ከመወያየትዎ በፊት የእያንዳንዱን እጢ የፊጎ ቁጥር ይጠይቁ። ፊጎ የዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን ምህጻር ነው፤ አመዳደቡ ከ0 እስከ 8 ይሄዳል። 0 ማለት በክፍተቱ ውስጥ በግንድ የተንጠለጠለ ነው። 1 ከግማሽ በላዩ በክፍተቱ ውስጥ ያለ፣ 2 ደግሞ ግማሹ ወይም ከዚያ በላዩ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ነው። 3 ሙሉ በሙሉ በግድግዳው ውስጥ ሆኖ ሽፋኑን የሚነካ፣ 4 ምንም የማይነካ፣ 5 እና 6 ወደ ውጭ ያበጡ፣ 7 በውጭ በግንድ የተንጠለጠለ ነው። 8 እንደ ማህፀን በር ባሉ ሌሎች ቦታዎች የሚገኘው ነው። «ወደ ውስጥ የገባ» የሚለው የእርስዎ ሪፖርት 1 ይሁን 2 አይለይም፤ የሁለቱ ቀዶ ሕክምና ግን በአስቸጋሪነቱ በጣም ይለያያል።

ይህን ለመለየት ተራው አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ አይበቃም። በቀጭን ቱቦ የጨው ውሃ ወደ ማህፀን ተደርጎ በሴት ብልት በኩል የሚነሳ አልትራሳውንድ ክፍተቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፣ ሰመመን አይፈልግም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ቢሠራ ይመረጣል። ኤምአርአይ ማግኘት ከቻሉ ደግሞ የሦስቱንም እጢዎች ቦታ፣ የደም አቅርቦታቸውንና አዴኖማዮሲስ አብሮ መኖሩን ያሳያል። አዴኖማዮሲስ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን በግድግዳው ጡንቻ ውስጥ ሲበቅል የሚፈጠር ችግር ነው፤ በአልትራሳውንድ ፋይብሮይድ መስሎ ሊያታልል ይችላል። ልዩነቱ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ይወጣል። ፋይብሮይድ ዙሪያውን ስስ ሽፋን ስላለው ግድግዳው ሲከፈት እንደ ተቀቀለ እንቁላል ከቅርፊቱ ይላቀቃል፤ አዴኖማዮሲስ ግን ድንበር የለውም፣ ልንቀል ቢሉት ጤነኛውን ጡንቻ ይዞ ይመጣል። ሆድ ከተከፈተ በኋላ ይህን ማወቅ ለማንም አይበጅም።

ካንሰር ከሆነስ ብለው ከሰጉ፣ ፋይብሮይድ ወደ ካንሰር የሚለወጥ እጢ አይደለም። ፋይብሮይድ መስሎ የሚደበቅ ሳርኮማ የሚባል ካንሰር ግን አለ፤ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ሲሆን ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይ ካረጡ በኋላ፣ ይጨምራል። ካረጡ በኋላ የሚያድግ «ፋይብሮይድ» ሁልጊዜ ጥርጣሬ ውስጥ ይግባ። ዕድሜያቸው 45 የሞላ፣ ወይም ከዚያ በታች ሆነው ከፍተኛ ውፍረት ወይም ለረጅም ጊዜ የተዛባ የወር አበባ ያላቸው ሴቶች ከማንኛውም ሕክምና በፊት ከማህፀን ሽፋን ናሙና ቢወሰድላቸው ተገቢ ነው።

አሁን ወደ 8.4። በዚህ ሄሞግሎቢን ለቀጠሮ ኦፕራሲዮን መቸኮል ልክ አይደለም። እጢ ማውጣት ደም የሚያስወጣ ሥራ ነው፤ በደም ማነስ የገባች ሴት ሌላዋ የምትቋቋመውን የ500 ሚሊ ሊትር ደም መፍሰስ አትቋቋመውም፣ ደም የመውሰድ ዕድሏም ይጨምራል። የአይረን እንክብል በየቀኑ ወይም በአንድ ቀን ልዩነት፣ ከሻይ፣ ከቡናና ከወተት አራርቆ መውሰድ ይጀመር። ሆድ ካልተቀበለው ወይም ጊዜው አጭር ከሆነ በደም ሥር የሚሰጥ አይረን ይሻላል። በዚህ መንገድ ሄሞግሎቢን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ በደንብ ይነሳል፤ ቢያንስ 10፣ ቢቻል 12 ይድረስ። እስከዚያ ደሙ እንዳይፈስ በወር አበባ ቀናት ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ደሙ በበዛባቸው 4 ቀናት ገደማ ይሰጣል፤ የእግር ወይም የሳንባ ደም መርጋት ታሪክ ካለ ግን አይሰጥም። የወር አበባን ለጥቂት ወራት የሚያቆሙ የሆርሞን መርፌዎችም አሉ፤ ከ3 ወር በኋላ እጢውን ያሳንሳሉ፣ ደሙን ያቆማሉ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ እጢው ወደ ቦታው ይመለሳል። በእጢውና በጡንቻው መካከል ያለውን ድንበርም ስለሚያደበዝዙ ትንንሾቹ በኦፕራሲዮን ጊዜ ሊታለፉ ይችላሉ። ስለዚህ ለሁሉም የሚታዘዙ አይደሉም።

ለትንሹ እጢ የሚስማማው ሂስተሮስኮፒ ነው። ሆድ ላይ አንድም ቁስል የለም፤ ካሜራው በማህፀን በር ይገባል፣ ክፍተቱ በፈሳሽ ይነፋል፣ እጢው በኤሌክትሪክ ቀለበት ወይም በሚሽከረከር ምላጭ እየተላጠ ይወጣል። ብዙዎቹ በዚያው ዕለት ቤታቸው ይገባሉ፣ በጥቂት ቀናት ሥራ ይጀምራሉ። ለ0 እና ለ1 ከዚህ የተሻለ የለም። ለ2 ግን ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛው ከእጢው ጀርባ እስከ ማህፀኑ ውጫዊ ገጽ የሚቀረው ጡንቻ ነው፤ ከ5 ሚሊ ሜትር ካነሰ ማህፀን የመብሳት አደጋ አለ። ሁለተኛው ፈሳሹ ነው። የተቆረጡ የደም ሥሮች የሚነፋውን ፈሳሽ ይመጥጣሉ። በአሮጌው ሞኖፖላር መሣሪያ ጨው የሌለው እንደ ግላይሲን ያለ ፈሳሽ ስለሚያስፈልግ ወደ ሰውነት የገባው 1,000 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ሥራው መቆም አለበት፤ ካለፈ የደም ሶዲየም ወርዶ አንጎል ሊያብጥ ይችላል። በባይፖላር መሣሪያ በጨው ውሃ ስለሚሠራ ወሰኑ 2,500 ነው። የገባውንና የወጣውን እየቀነሰ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት። ወሰኑ ደርሶ እጢው ካላለቀ ማቆምና በሌላ ቀን መጨረስ የጥሩ ሐኪም ምልክት ነው፤ «በሁለት ዙር» ከተባሉ አይከፋዎት።

ለ8 እና ለ5 ሴንቲ ሜትሮቹ ሂስተሮስኮፒ አይደርስም። ልጅ ለሚፈልግ ሰው ዋናው ምርጫ ማዮሜክቶሚ ነው፤ እጢው ይወጣል፣ ማህፀኑ ይቀራል። ሆድን በመክፈት ወይም በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገቡ ካሜራና መሣሪያዎች) ይሠራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የቁስሉን መጠን የሥራው መጠን አድርጎ በማየት ነው። በላፓራስኮፒ ከ5 እስከ 12 ሚሊ ሜትር በሆኑ ቀዳዳዎች ቢገባም ማህፀኑ ላይ የሚቆረጠው ያው ነው። ልዩነቱ ከሆድ ግድግዳ ነው፦ ሕመሙ ያንሳል፣ ሆስፒታል የሚቆዩት አንድ ቀን ገደማ ይሆናል፣ ሙሉ ማገገሚያው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ነው፤ በሆድ ሲከፈት ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ማዮሜክቶሚን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አወጣጡ ሳይሆን አሰፋፉ ነው። 8 ሴንቲ ሜትር እጢ ሲወጣ ከኋላው ጥልቅ ጉድጓድ ይተዋል። ጉድጓዱ በሁለት ወይም በሦስት ድርብርብ ስፌት ከሥሩ ካልተዘጋ ደም ይቋጥራል፣ ጠባሳው ይሳሳል፤ በኋላ በእርግዝና የሚተረተረው እዚያ ነው። መተርተሩ ከመቶ ከአንድ ሴት በታች ላይ የሚታይ ቢሆንም ሲመጣ ለእናትም ለልጅም ከባድ ነው። በላፓራስኮፒ ይህን ስፌት በረጅም መሣሪያ መሥራት ልምድ ይጠይቃል፤ ደሙን በስፌት ፈንታ በኤሌክትሪክ እያቃጠሉ ማቆምም ጡንቻውን ያከሳል። ስለዚህ ሐኪምዎን «በላፓራስኮፒ ይሠራሉ?» ብቻ ሳይሆን «ግድግዳውን በስንት ድርብ ነው የሚሰፉት?» ብለው ይጠይቁ። መስፋቱን ካላመኑበት፣ በደንብ የተሰፋ የሆድ ቁስል በችኮላ ከተሰፋ ላፓራስኮፒ ይበልጣል።

የእጢዎቹ ቁጥርም ይቆጠራል። ሆድ ሲከፈት የሐኪሙ ጣት ማህፀኑን ዳብሶ በምስል ያልታየውን 1 ሴንቲ ሜትር እጢ ያገኛል፤ በላፓራስኮፒ ያ ዳሰሳ የለም። ከ4 በላይ እጢ ወይም ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ካለ ብዙ ሐኪሞች ሆድን መክፈት ይመርጣሉ። የእርስዎ ሦስት እጢዎች ልምድ ላለው ሰው በላፓራስኮፒ የሚቻሉ ናቸው፣ በተለይ ትንሹ ቀድሞ በሂስተሮስኮፒ ከወጣ።

ደም ለመቀነስ ከኦፕራሲዮኑ አንድ ሰዓት ገደማ በፊት ሚሶፕሮስቶል 400 ማይክሮ ግራም በሴት ብልት ይደረጋል፤ ቫሶፕሬሲን በጨው ውሃ ተበርዞ በእጢው ዙሪያ ይወጋል፤ ሆድ ተከፍቶ ሲሠራ የማህፀኑ የታችኛው ክፍል በጎማ ቱቦ ለጊዜው ይታሰራል። ቫሶፕሬሲን በስህተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ልብን ሊያቆም ስለሚችል ከመወጋቱ በፊት መርፌው ወደ ኋላ ተስቦ ይታያል፣ ሰመመን ሰጪውም ይነገረዋል። ደሙ በምንም ካልቆመ ማህፀን ማውጣት ግድ የሚሆንበት አጋጣሚ አለ፤ ብርቅ ነው፣ ግን ፈቃድ ሲፈርሙ ሊነገርዎት ይገባል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ስለ ላፓራስኮፒ። ትልቅ እጢ በትንሽ ቀዳዳ ለማውጣት መቆራረጥ አለበት። በሞተር የሚሠራ መቁረጫ ያልታወቀ ሳርኮማን በሆድ ውስጥ ሊበትን ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2014 በአጠቃቀሙ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ኋላም በከረጢት ውስጥ ብቻ ይቆረጥ ብሏል። «እጢው በምን ይወጣል? በከረጢት ውስጥ ነው?» የሚለው ጥያቄም ዝርዝርዎ ውስጥ ይግባ።

ወደ ኢምቦላይዜሽን እንምጣ፤ «ሳይቀደድ ይደርቃል» የተባሉት ይህን ነው። ለፋይብሮይድ ሕክምናነት የታወቀው በ1995 ከፓሪስ በወጣ ሪፖርት ነው። የሚሠራው የማህፀን ሐኪም ሳይሆን ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂስት (በምስል እየታገዘ በደም ሥር በኩል የሚያክም ሐኪም) ነው። ብሽሽት ወይም የእጅ አንጓ ላይ ካለ ደም ቧንቧ ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ይገባል፣ በኤክስሬይ እየታየ የግራና የቀኝ የማህፀን ደም ቧንቧዎች ጋ ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 900 ማይክሮን የሆኑ ጥቃቅን እንክብሎች ይለቀቃሉ። ጤነኛው ጡንቻ ከሌሎች ሥሮች ደም ስለሚያገኝ ይተርፋል፤ እጢው ግን ይሞታል። ሙሉ ሰመመን አያስፈልገውም፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው።

ያለ ሕመም ነው ብሎ የሚነግርዎት ካለ አይመኑት። እጢው ደም ሲያጣ የሚፈጠረው ቁርጠት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብርቱ ነው፤ ሞርፊን መሰል ማስታገሻ ሊያስፈልግ ስለሚችል አንድ ሌሊት ማደር የተለመደ ነው። ከዚያ ለሳምንት ያህል መለስተኛ ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይኖራል፤ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ሥራ ይመለሳሉ። ከ10 ሴቶች ከ8 እስከ 9 ያህሉ የወር አበባ ደማቸው ይቀንሳል። እጢው በ6 ወር ከ40 እስከ 60 በመቶ ይዘቱን ያጣል። እዚህ ላይ ሂሳቡን ልብ ይበሉ፦ የ8 ሴንቲ ሜትር እጢ ይዘት በግማሽ ሲቀንስ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር አይሆንም፣ 6.3 ያህል ነው የሚሆነው። ከ6 ወር በኋላ ሪፖርቱን አይተው «ምንም አልሠራም» ብለው የሚያዝኑ አሉ፤ መለኪያው ግን የሚቀየረው ሞዴስ ብዛትና ሄሞግሎቢኑ ነው። ሆድ ገፍቶብኛል የምትል ሴት ግን ከዚህ ሕክምና የምትጠብቀውን ልክ ታውቅ።

ወደ ክፍተቱ የገባ እጢ ከኢምቦላይዜሽን በኋላ ተላቅቆ በማህፀን በር በኩል ሊወጣ ይችላል፤ መሐል ላይ ከተቀረቀረ ኢንፌክሽን ይፈጥራል። የእርስዎ ትንሽ እጢ ይህን ዕድል ይዟል። ጥቂት እንክብሎች ወደ ኦቫሪ (እንቁላል የሚያመነጨው አካል) ሄደው የወር አበባን ለዘለቄታው ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ከ45 ዓመት በታች ይህ ብዙ አይደለም፣ ከዚያ በላይ ግን ይጨምራል። ከኢምቦላይዜሽን በኋላ የወለዱ ሴቶች አሉ፤ ሆኖም የጽንስ መጨናገፍ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ለመውለድ ለምታስብ ሴት የመጀመሪያ ምርጫ አይደረግም። ለእርስዎ ይህ ወሳኝ ነው።

የዘላቂነት ጉዳይም አለ። ኢምቦላይዜሽንን ከማህፀን ማውጣት ጋር ያነጻጸረው የኔዘርላንድ ጥናት ሴቶቹን 10 ዓመት ተከታትሎ፣ ኢምቦላይዜሽን ከደረሳቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመጨረሻ ማህፀናቸውን ማውጣት ግድ እንደሆነባቸው አሳይቷል። ከሦስት ሁለቱ ድነዋል ብሎም ማንበብ ይቻላል፤ ልጅ ለማትፈልግና ለማረጥ ጥቂት ዓመት ለቀራት ሴት ጥሩ ንግድ ነው። በ2020 የታተመው የብሪታንያ ጥናት 254 ሴቶችን በማዮሜክቶሚና በኢምቦላይዜሽን ከፍሎ ከ2 ዓመት በኋላ የኑሮ ጥራታቸውን ከ100 ሲለካ 84.6 ለ80.0 ሆኗል። ማዮሜክቶሚ በልጧል፣ ግን ያን ያህል አይደለም። ማዮሜክቶሚም ዋስትና አይሰጥም፤ የቀሩ ጥቃቅን እጢዎች ያድጋሉ፣ አዲስም ይበቅላል። በአልትራሳውንድ ተመልሶ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ዳግም ሕክምና የሚፈልገው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

በሙቀት የሚያቃጥሉት ዘዴዎች ደግሞ ሁለት ናቸው። አንደኛው መርፌ መሰል መሣሪያ በላፓራስኮፒ ወይም በማህፀን በር ወደ እጢው ገብቶ በሬዲዮ ሞገድ የሚያበስለው ነው። ሁለተኛው ከውጭ የአልትራሳውንድ ጨረር አንድ ነጥብ ላይ የሚያተኩረው ሲሆን ቁስል የለውም፤ ግን ጨረሩ የሚያልፍበት መንገድ ላይ አንጀት ወይም የቆየ የኦፕራሲዮን ጠባሳ ካለ አይሠራም፣ ቆዳም ሊያቃጥል ይችላል። ሁለቱም ለጥቂትና መካከለኛ እጢዎች ጥሩ ናቸው። ከእነሱ በኋላ ስላለው እርግዝና ያለው መረጃ ገና ቀጭን ስለሆነ ለእርስዎ አላስቀድማቸውም።

ማህፀን ማውጣት ደሙንም እጢውንም ለዘለቄታው የሚያስቆመው ብቸኛው መንገድ ነው። መውለድ ለጨረሰች፣ ብዙ እጢ ላለባት፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ላልሆነላት ሴት አሳፋሪም የመጨረሻም ምርጫ አይደለም። ኦቫሪዎቹ ጤነኛ ከሆኑ ስለሚቀሩ ወዲያው ማረጥ አይመጣም። ልጅ እፈልጋለሁ እያሉ በ38 ዓመትዎ የመጀመሪያው ሐሳብ ሆኖ መቅረቡ ግን አያስማማኝም።

ስለዚህ ለእርስዎ የማየው ቅደም ተከተል፦ በዚህ ሳምንት አይረንና ትራኔክሳሚክ አሲድ፤ በሚቀጥለው ዑደት የጨው ውሃ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ። ትንሹ 1 ወይም ከጀርባው በቂ ጡንቻ የተረፈለት 2 ከሆነ እሱን ብቻ በሂስተሮስኮፒ ማውጣትና ሁለት ሦስት ዑደት ማየት። ደሙ ከተስተካከለና 8 ሴንቲ ሜትሩ ክፍተቱን ካላዛባ፣ ትልቁን እጢ ሳይነኩ እርግዝናን መሞከር ከሐኪምዎ ጋር የሚመከርበት አማራጭ ነው፤ 5 ሴንቲ ሜትሩ በውጭ ስላለ መፀነስን አይከለክልም። ደሙ ካልቆመ ወይም ትልቁ ክፍተቱን ካጣመመ ማዮሜክቶሚ ይከተላል። ዕድሜዎ 38 ስለሆነ ይህ ሁሉ ዓመት መፍጀት የለበትም።

ከየትኛውም ሕክምና በኋላ በሰዓት አንድ ሞዴስ እያራሰ ሁለት ሰዓት የዘለቀ ደም፣ ከ38.5 የበለጠ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የአንድ እግር እብጠት ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ካለ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከማዮሜክቶሚ በኋላ ለመፀነስ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠብቁ፤ ጉድጓዱ ጥልቅ ከነበረ ወደ 6ቱ ያዘንብሉ። ሲወጡም የኦፕራሲዮን ሪፖርቱን ቅጂ ጠይቀው ይውሰዱ። «የማህፀን ክፍተት ተከፍቷል» ወይም «አልተከፈተም» የሚል መስመር እንዳለበት ያረጋግጡ፤ ምጥ መሞከር ይቻላል ወይስ ምጥ ሳይጀምር በኦፕራሲዮን ይወለድ የሚለውን፣ ከቁስሉ ጥልቀት ጋር፣ የወሊድ ሐኪምዎ የሚወስኑት ያንን አይተው ነው።